የሚንበሩ ግራ ጎን

ማማሰያዬን ከነእጄ ምድጃው ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ነው እሳት እንደሚያቃጥል ትዝ ያለኝ። «ኧረ ሴትዮ! አበድሽ እንዴ?» እያለ አቡ ሰሪዕ ከወገቤ ይጎትተኛል፤ እኔ ፍሙን እየበተንኩ አንዲት መዳፍ ውስጥ የምትገባ ነገር ወደ ደጅ እስባለሁ። ስቤ አወጣኋት። አመዱ ላይ ወደቀች። በቀሚሴ ጫፍ አፈንኳት፣ እንትፍ እንትፍ አልኩባትና ወደ ብርሃን አዞርኳት። ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ናት። ጠርዟ ጥቁር የዞጲ እንጨት፣ መሐሏ የዝሆን ጥርስ። ግማሿ ከሰል ሆኗል።

«አጥንት አጥንት የሸተተኝ ለካ ይሄ ነው! ከየት አመጣኸው?»

«ምን አጥንት? ጥራጊ ነው» አለ አቡ ሰሪዕ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። የሰፈሩን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ውሃ የሚያሞቀው እሱ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ያነድዳል፣ ገለባ፣ የአህያ ፋንድያ፣ የተሰበረ በር። «ትናንት ማምሻውን ከአሚር በይዘቅ መስጊድ ሁለት ጆንያ ጣሉልኝ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ነደደ። ወላሂ፣ ኡም በርዒ፣ እንደዚያ ያለ እሳት አይቼ አላውቅም፤ ዘይት የጠጣ ይመስል! ሁለተኛውን ገና አሁን መጀመሬ ነው።»

«ከአሚር በይዘቅ? ከመስጊዱ የቱ?»

«ሚንበሩን እያደሱ ነው አሉ። የነደደው የቀኝ ጎኑ ነው፣ ይሄኛው የግራው። ፓሻው ለጁምዓ ሊሰግድ ይመጣል።»

ሄጄ ሁለተኛው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላም አልተነሳሁም። «ከዚህ ጆንያ አንዲት ስንጥር ብታነሳ ጢምህን ነው የምማግደው!» አልኩት። አቡ ሰሪዕ ያውቀኛል። አካፋውን አስቀመጠ።

ሰው ኡም በርዒ ምላሷ ረጅም ነው ይላል። እውነታቸውን ነው። ምላሴ ቢያጥር ኖሮ ያ ሚንበር ዛሬ ሁለቱም ጎኑ አመድ ነበር። እኔ በካይሮ ኮርቻ ሰፊዎች ሰፈር ፉል ስሸጥ አርባ ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ጋኖቼን እዚህ ምድጃ ረመጥ ውስጥ እቀብራለሁ፣ ጎህ ሲቀድ በስለው አወጣቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የአናጢ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ኡስታ ሐሰነይን፣ ኡስታ የሚባለው ለተካነ ባለ እጅ ነው፣ በአሚር በይዘቅ መስጊድ የሚንበሩ ጠባቂ ነበር። ሼኹ የጁምዓ ኹጥባ፣ የዓርብ ስብከታቸውን፣ የሚያሰሙበት ያ ባለ ደረጃ መቆሚያ የተሠራው የዛሬ አራት መቶ ዓመት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቷል ይላሉ። ሁለቱ ጎኖቹ ከላይ እስከ ታች ከሦስት ሺህ ቁራጭ የተገጣጠሙ ናቸው፣ ዞጲና የዝሆን ጥርስ፣ ኮከብ በኮከብ። አንዲት ምስማር የለባቸውም። የሙጫ ጠብታ የለባቸውም። አንዱ ቁራጭ ምላስ አለው፣ ሌላው ጉድጓድ አለው፤ አናጢዎቹ አንዱን ወዳጅ፣ ሌላውን ተወዳጅ ይሉታል። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይከሳል። ወዳጅ በተወዳጁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቦታ ካለው ምንም አይሆንም። ቦታ ከከለከልከው ይሰነጠቃል።

አባቴ በዓመት አንዴ፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ ተራ በተራ ይፈታውና አቧራውን አራግፎ፣ ዘይት ቀብቶ ይመልሰዋል። ወንድ ልጅ ስላልወለደ ሚንበሩ ሆድ ውስጥ የሚያስገባው እኔን ነበር። ከደረጃው ስር ባዶ ነው፤ በትንሿ በር ገብቼ ቁራጮቹን ከጀርባ ደግፌ እይዝለታለሁ። ከስድስት ዓመቴ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ እንደዚያ ነው ያደግሁት። ያን ሚንበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ በፊቱ ያውቀዋል። እኔ የማውቀው በጀርባው ነው።

ጆንያውን በፉል አህያዬ ላይ ጫንኩና «ጋኖቹን አንተ ሽጥልኝ!» ብዬ ለአቡ ሰሪዕ ትቼ ተነሳሁ። ደንበኞቼ ጎድጓዳ ሳህናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። «ኡም በርዒ፣ ወዴት ነው? ፉሉስ?» ይሉኛል። አህያዬን ነድቼ አለፍኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሰለኝ።

መስጊዱ ስደርስ ጫማዬን አውልቄ እንደ ነፋስ ገባሁ። እርጥብ ጣውላና የቀለም ሽታ ተቀበለኝ። ሚንበሩን ሳየው እዬዬ ማለት ነበር ያማረኝ። ቀኝ ጎኑ አልቋል። የጥንቱን ነቅለው በቦታው አዲስ ጣውላ መትተውበታል፤ ኮከቦቹን በብሩሽ ስለውበታል፣ ወርቅማ ቀለም ቀብተውበታል። የሠርግ ሳጥን ይመስላል። ግራ ጎኑ ደግሞ ሥጋው እንደተገፈፈ የጎድን አጥንት ባዶ ማገሩን አግጥጦ ቆሟል። ከፊቱ ኡስታ ጉሙዓ ምስማር በአፉ ነክሶ ጣውላ ይለካል። ጉሙዓን የማውቀው የአህያ ጋሪ ሲሠራ ነው። ደህና ሰው ነው፤ ግን ጋሪ ሠሪ ነው።

«ኡስታ ጉሙዓ፣ መዶሻውን አስቀምጥ» አልኩት።

«ማነሽ አንቺ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ሥራውን በኮንትራት የያዘው ረሽዋን ኤፈንዲ ነው። ቀይ የጣርቡሽ ቆብ አድርጓል፣ ጃንጥላ ይዟል፣ ጫማውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሏል፣ የሚሰረቅበት ይመስል። «ፉል ሻጯ አይደለሽም እንዴ? ቁርስ አላዘዝንም።»

«ኤፈንዲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፤ መጀመሪያ በትህትና ነበር የጀመርኩት፣ አላህ ምስክሬ ነው። «ይህን ጆንያ ማን ነው ለምድጃ የሰጠው?»

«እኔ። የነቀዘ እንጨት ነው።»

«የነቀዘ?» አንዱን ቁራጭ አውጥቼ ዓይኑ ስር አቀረብኩለት። «ይሄ ነው የነቀዘው? አንተ ሰው፣ ዓይንህ ነው ወይስ ልብህ የነቀዘው? ዞጲ ነው እኮ! አያትህ ሳይወለድ፣ የአያትህ አያት ሳይወለድ የተጠረበ ነው!» እርስዎ ማለቱ የት እንደጠፋብኝ እንጃ።

ሼኽ ደርዲር ከምሰሶው ስር ከተጋደሙበት ቀና አሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የአሚር በይዘቅ ኢማም ናቸው። «ማን ነው የሚጮኸው? የኡስታ ሐሰነይን ልጅ ነሽ?»

«እኔው ነኝ፣ አባቴ። ሚንበርዎን ሲያነዱት ዝም ብለው ያያሉ?»

ሽማግሌው አፈሩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። አሳድሱልኝ ብዬ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ በወጣሁ ቁጥር ከስሬ ይንቀጫቀጭብኛል። ስለ ሐሜት ክፋት እያስተማርኩ ሚንበሩ ራሱ የሚያማኝ ይመስለኛል። ሰው ይስቃል።»

«ሼኽ ደርዲር! መንቀጫቀጩ እኮ ትንፋሹ ነው! አባቴ አልነገረዎትም?»

«ነግሮኝ ይሆናል» አሉ። «አባትሽ ከሞተ ስንት ዓመት ሆነው?»

ረሽዋን ኤፈንዲ በጃንጥላው ቀኝ ጎኑን ነካ ነካ አደረገ። «ይኸው፣ ይሄ ይንቀጫቀጣል? ንኩት። ድንጋይ ነው። ፓሻው ሲመጡ ወርቅ ያያሉ። በሁለት ቀን ጨረስነው፣ ግራውን ደግሞ ዛሬ።»

ሄጄ ዳሰስኩት። ጣውላው ቀዝቃዛ ነበር። መጥረጊያ ባልዲ ከአጠገቡ ቆሟል፤ የጥንቱን ማገር በውሃና በሶዳ አጥበውታል። ያበጠ ማገር ላይ እርጥብ ጣውላ፣ በላዩ ሙጫ፣ በሙጫው ላይ ምስማር።

«አጥባችሁ ነው የመታችሁበት? እርጥቡን?»

«ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ» አለ ኤፈንዲው፣ በራሱ ቀልድ እየሳቀ።

«እሱ ለነገር ነው እንጂ ለጣውላ አይደለም! ኸማሲኑ ሲነፍስ ጉድህን ታያለህ።»

«ኸማሲኑ እስኪነፍስ እኔ ሌላ ሥራ ላይ እሆናለሁ።»

ይሄን ሲል ጉሙዓ ምስማሩን ከአፉ አወጣ። አየሁት። ደስ እንዳላለው ፊቱ ይናገራል።

ለሼኽ ደርዲር ተንበረከክሁላቸው። «ግራ ጎኑን ለእኔ ይስጡኝ። እስከ ነገ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሰላት ድረስ ብቻ። ቀኙ ሄዷል፣ ሌሊቱን ነዷል፣ አላህ ይፍረድ። የግራው ቁራጭ ግን በዚህ ጆንያ ውስጥ ነው። ለዐስር ሰላት ባልመልሰው ኤፈንዲው እንደ ፈለገ በምስማር ይምታው፣ እኔም በሰው ፊት እግሩን እስማለሁ።»

«ሦስት ሺህ ቁራጭ በአንድ ቀን? ሴት?» አለ ረሽዋን።

«የግራው ሺህ አምስት መቶ ነው። መቁጠር ካቃተህ እኔ አለሁ።»

ሼኹ ከልባቸው ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ግን ሚንበሩን አዩትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እስከ ነገ ዐስር» አሉ። «ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አልችልም፣ ልጄ። ፓሻ ነው የሚመጣው።» ኤፈንዲው ትከሻውን ሰበቀ። ነገ ዐስር ላይ እግሩን ስስም ለማየት የቸኮለ ይመስል ነበር።

ጆንያውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። ወይ ጉድ! ዝርግፍ ሲል ልቤም አብሮ ዝርግፍ አለ። ነቃዮቹ ምልክት አላደረጉም፣ ተራ አልያዙም፤ ቆንጥጠው፣ ጎልጉለው ነው የጨመሩት። ኮከቡ ከሦስት ማዕዘኑ፣ የላዩ ከታቹ ተደባልቋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲያበሩ አንዱንም ማወቅ አቃተኝ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ፈዝዤ አየኋቸው። ረሽዋን ኤፈንዲ ከምሰሶው ስር ሆኖ ያፏጫል።

ከዚያ ሞኝነቴ ገባኝ። ፊታቸውን መቼ አይቼ አውቃለሁ? አንድ በአንድ በጀርባቸው ገለበጥኳቸው። ዓይኔን ጨፈንኩና በጣቴ ዳሰስኳቸው። ይቺ ሽምብራ የምታህል እባጭ ያላት፤ ከታች ሦስተኛው ረድፍ፣ ጉልበቴ ጋ የነበረችው። ይቺ መጥረቢያ የሳታት፤ በራሴ ላይ፣ ስነሳ የምትጋጨኝ። ይሄ ጫፉ ሻካራ፣ አውራ ጣቴን የወጋኝና ያለቀስኩበት። አባቴ ከውጭ ሆኖ «ወዳጅ መጣ!» ይላል፣ እኔ ከሆዱ ውስጥ «ተወዳጅ ክፍት ናት!» እላለሁ፣ እሱ ይገፋል፣ እኔ እቀበላለሁ። አርባ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ጣቴ ግን አልረሳም።

«ኡስታ ጉሙዓ» አልኩ፣ «ና ሆዱ ውስጥ ግባ።»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ልግባ? ይቺን በር አይተህ እኔን እየኝ እስቲ!»

ጉሙዓ ቀጭን ነው፣ ልብሱን በሰው ላይ ሳይሆን በመስቀያ ላይ ያየኸው ነው የሚመስልህ። ወደ ኤፈንዲው ዞሮ አየ። ኤፈንዲው «ጊዜህን አታባክን!» አለው። ጉሙዓ ጥቂት አሰበና መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ገባ። እንግዲህ ያን ቀን ጉሙዓ ከሆዱ ውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆነን ጀመርን። በማማሰያዬ ጫፍ ቦታውን እጠቁመዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ምላሱን ጉድጓዱ ውስጥ ለማስገባት በጡጫው ይመታዋል።

«አትምታው! በግድ የሚገባ ከሆነ ቦታው አይደለም ማለት ነው። አውጣና አዙረው።»

አዞረው። ቁራጩ ራሱ ሄዶ ገባ፣ ጠቅ አለ። «ኡም በርዒ» አለኝ ከውስጥ፣ «አልመታሁትም እኮ።»

«ነገሩ እሱ ነው፣ ልጄ።»

«ከትናንት ወዲያ ቀኙን እኔ ነኝ የነቀልኩት። በመሮ ነው የነቀልኩት። እንዲህ እንደሚገባ ባውቅ…» አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርሰው አልፈለግሁም፤ የምሰድበው ስድብ ሁሉ በአፌ ሞልቶ ነበር፣ ግን ከሆዱ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አይሰደብም።

ረቡዕ እስኪመሽ ታችኛውን ረድፍ ጨረስን። ሐሙስ ጠዋት የመሐሉን ያዝን። ቀትር ላይ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ተለወጠ፣ ከመስኮቱ ደቃቅ አሸዋ መግባት ጀመረ፣ ከንፈሬ ደረቀ። ኸማሲኑ ነው። ከደቡብ የሚነሳው ያ የበረሃ ነፋስ የሰውን ዓይንና ጉሮሮ አይምርም፤ የካይሮ ሰው ሁሉ ይረግመዋል። እኔ ግን «እሰይ!» አልኩ። እንጨቱ ደርቆ ቀለል አለ፣ ወዳጅ ከተወዳጁ ጋር ያለ ክርክር ይገጥም ጀመር።

ሁሉንም ስንመልስ ሰባት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ጎደሉ። አቡ ሰሪዕ ሁለተኛውን ጆንያ ሲጀምር በአንድ እፍኝ የወረወራቸው መሆናቸው ነው። እነሱ ቢጎድሉ ሚንበሩ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ይመስላል እንጂ አይወድቅም። የጭንቁ ጭንቅ ቁልፉ ነበር። በመሐሉ ትልቅ ኮከብ እምብርት ላይ በመጨረሻ የምትገባ አንዲት ቁራጭ አለች፤ ሁሉን ይዛ የምታስቀምጥ እሷ ናት፤ አባቴ ቁልፍ ይላት ነበር። እሷ ከሌለች ዙሪያዋ ያሉት ይላላሉ፣ የእነሱ ጎረቤቶች ይላላሉ፣ ሼኹ ሲወጡ ሁሉም እንደ ዝናብ ይዘንባል። ቁልፏ ደግሞ ከእሳት በማማሰያዬ የሳብኳት ግማሿ የከሰለችው ኮከብ ነበረች። ቦታዋ ላይ ሳደርጋት በእጄ ላይ ፍርክስክስ አለች።

ለዐስር ሰላት አንድ ሰዓት ቀርቶ ነበር።

«አዲስ እንቅረጽ» አለ ጉሙዓ፣ ከሆዱ ብቅ ብሎ። «ግን በምን? የኤፈንዲው ጣውላ ሁሉ እርጥብ ነው። ያረጀ፣ የጠና፣ የማያብጥ፣ የማይከሳ እንጨት ያስፈልገናል። አሁን ከየት ይመጣል?»

«እኔ ጣውላ አለኝ» አለ ረሽዋን ኤፈንዲ፣ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ እያየ። «ምስማርም አለኝ።»

ሳላስበው ማማሰያዬን አነሳሁና «ዝም በል!» ልለው በአፍንጫው ትይዩ ወደርኩበት። ማማሰያው እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ በእጄ ይዤው ነበር። ወይራ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት፣ የተዳርኩ ጊዜ፣ አባቴ ከወይራ እምብርት ጠርቦ ሰጠኝ። «ሚንበሩን ላንቺ ባወርስሽ በወደድኩ» አለኝ፣ «ግን ሴት ነሽ ብለው አያስጠጉሽም። ይሄን ያዢ። እንጨት መሆኑን አትርሺ።» አርባ ዓመት በፈላ ፉልና በዘይት ውስጥ ተቀቅሏል። ከዚያ ወዲያ ምን ያብጣል? ምን ይከሳል? ባሌ ሞተ፣ ልጄ በርዒ ደምያጥ ሄዶ ጀልባ ቀዛፊ ሆነ፣ ቤት ቀያየርኩ፤ ይሄ ማማሰያ ግን ከእጄ አልተለየም።

ጉሙዓ ሐሳቤን ከፊቴ አነበበው። «ተዪው፣ ኡም በርዒ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላ እንፈልግ።»

«ሌላ የለም። መጋዝህን አምጣ።»

«ከየት ልቁረጠው?»

«ከላይ፣ እጄ ከሚይዘው በኩል። ከታቹ ፉል ማማሰል አለብኝ።»

መጋዙ ሲነካው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ? ሰው ነኝ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉሙዓ በቢላዋ ይቀርጻል፣ እኔ በከሰለችው ግማሽ ላይ እየለካሁ «ከዚህ ትንሽ፣ አሁን ተው፣ አሁን አዙረው» እለዋለሁ። ቢላዋውን ያፈጥነው ጀመር። «ቀስ በል» አልኩት፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ያ በሁለት ቀን ቀኙን የጨረሰ ሰው አንዲት መዳፍ የማታህል ኮከብ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አቀረቀረ።

ሙአዚኑ ለዐስር አዛን ሲያሰማ ቁልፉን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። «ወዳጅ መጣ» አልኩ። ድምፄ እንደ አባቴ ሻከረ። ጉሙዓ ከሆዱ ውስጥ «ተወዳጅ ክፍት ናት!» አለ። ያስተማርኩት እኔ አልነበርኩም፤ ሁለት ቀን ሳንጎራጉር ሰምቶ ይሆናል። ገፋሁት። ጠቅ አለ።

የአባቴ ፈተና አንድ ብቻ ነበር። በመዳፍህ ጠፍ ታደርገዋለህ፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም አብሮ ከተንቀጫቀጨ ጤነኛ ነው። ጠፍ አደረግሁት። ጨኽ ጨኽ እያለ ከአናቱ እስከ እግሩ ወረደ። ሼኽ ደርዲር እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ረሽዋን ኤፈንዲ ግን እንጨቱን አላየም፣ ወይራዋን ነው ያየው፤ በጥቁርና በነጭ መሐል እንደ ፉል ፍሬ ቡኒ ሆና ትታያለች። «የፉል ማማሰያ በአሚር በይዘቅ ሚንበር ላይ!» አለ። «ፓሻው ሲያዩት ማን እንደሚያፍር እናያለን።»

ዓርብ ዕለት ሰማዩ አሸዋ ብቻ ነበር። ፓሻው ከነአጃቢዎቻቸው መጥተው ከሚንበሩ ፊት ተቀመጡ፣ በቀኝ በኩል፣ ወርቁ በሚያበራበት። ኤፈንዲው ያስቀመጣቸው እዚያ ነው። እኛ ሴቶቹ ከኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን፤ እኔ መጋረጃዋን በጣቴ ሰንጠቅ አድርጌ አያለሁ። ሼኽ ደርዲር ሲወጡ ግራው ጎን በየደረጃው ተንቀጫቀጨ። ኤፈንዲው ጥርሱን ሲነክስ አየሁት። ሼኹ ፈገግ አሉ።

ኹጥባው መሐል ላይ፣ ከቀኙ በኩል ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ጧ! አለ። አንዱ አጃቢ ጥይት መስሎት ብድግ ብሎ ሰይፉን ያዘ። ጥይት አልነበረም። የረሽዋን ኤፈንዲ ወርቅማ ጣውላ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ የያዘውን የጥንት ማገር አብሮ ሰንጥቆት፣ አንዲት ምስማር ፈንጥራ የፓሻው ምንጣፍ ላይ አረፈች። የግራው ጎን በዚያው ነፋስ ውስጥ ጨኽ ጨኽ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ሼኹ ድምፃቸውን ሳያቋርጡ ጨረሱ። ሰላቱም ተሰገደ።

ካበቃ በኋላ ፓሻው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ምስማሯ አለች። «ሼኽ ደርዲር፣ ይቺ የስንት ዘመን ናት?»

«የማክሰኞ ናት፣ ጌታዬ።»

«ኸማሲን ነው፣ ክቡር ፓሻ!» አለ ረሽዋን ኤፈንዲ፣ ከመደንገጡ ብዛት ጣርቡሹ ተጣሞ። «የአላህ ሥራ ነው፣ ነፋስን ማን ይችለዋል?»

«ኸማሲኑ በግራም በኩል ነፍሷል!» አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ። ሴቶቹ አፌን ሊያፍኑኝ ተረባረቡ፤ ነገሩ ግን ከአፌ ወጥቷል። ፓሻው ተነስተው ወደ ግራው ሄዱ፤ በጣታቸው ሲዳስሱ ወይራዋ ላይ ቆሙ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ዞረው፣ «የቀኙ የጥንት ቁራጮች የት አሉ? ይመለሱ» አሉ።

ሼኹ ኤፈንዲውን አዩ፣ ኤፈንዲው ምንጣፉን አየ፣ ጉሙዓ በእጁ ዓይኑን ሸፈነ። እኔም፣ ምላሰ ረጅሟ፣ ዝም አልኩ።

ያን ቀን በሰፈሩ ነገሥኩ። ሰዉ ሁሉ «ኡስታ ኡም በርዒ!» እያለ ይጠራኝ ጀመር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል፣ ይገባኛልም። ረሽዋን ኤፈንዲን በከተማው ሁለተኛ መዶሻ አላስያዙትም። ጉሙዓ በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ይጠራኛል፣ እሱ ከሆዱ ውስጥ፣ እኔ ከውጭ። ቀኙ ጎን እስከ ዛሬ ተራ ጣውላ ነው። ወይራዋም እስከ ዛሬ አለች፣ ሄዳችሁ እዩ።

ግን ያን ጊዜ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ጋኖቼን ከረመጡ አውጥቼ መሸጥ ስጀምር መጀመሪያ የመጣው ኮርቻ ሰፊው ዐብዱ ሲታር ነበር። ሳህኑን ዘረጋልኝ። «ኡም በርዒ» አለኝ፣ «የረቡዕዋን ፉል አቡ ሰሪዕ ሸጠልን። ያ ሰላም! ምን ጨምረሽባት ነው? በዕድሜዬ እንደዚያ የበሰለች ፉል በልቼ አላውቅም። ልጆቼ ሳህኑን ላሱት። እስቲ የዛሬዋንም እንደዚያ አድርጊልን።»

ጭልፋዬ አየር ላይ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት የተቀረጸ፣ አራት መቶ ዓመት ዘይት የጠጣ፣ አባቴ በየዓመቱ በጨርቅ ያበሰው፣ የአንድ ሙሉ ጎን ዞጲና የዝሆን ጥርስ። ያን ሌሊት ጋኖቼ የተቀበሩት በእሱ ረመጥ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ በልቶታል። ጣፍጦታል።

«ምንም አልጨመርኩበት» አልኩት። «እሳቱ ነው።»

ሳህኑን ሞላሁለትና ወደ ጋኑ ተመለስኩ። ማማሰያዬ አጥሯል፤ ስር ድረስ ለማድረስ እጄን ወደ ውስጥ ማስገባት አለብኝ። እንፋሎቱ በየማለዳው ያቃጥለኛል።